ተገልብጦ የተሰቀለ ጠርሙስ ለምን ከሰዓት በኋላ ያንጠባጥባል? የሚሞላ የግድግዳ መርጫ ለሚነድፍ ሰው የተሰጠ ምላሽ

የአንባቢው ጥያቄ ይህ ነው፤ "ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ሲያልቅ መልሶ የሚሞላ መርጫ እየሠራሁ ነው። አንዱ ዕቃ ለሁለት እንዲያገለግል እፈልጋለሁ፤ ሲፈለግ ለክፍል ሽቶ፣ ሲፈለግ ለፀረ ነፍሳት። የመጀመሪያው ናሙናዬ ተገልብጦ የተሰቀለ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ነው። ከሥሩ ፈሳሹን የሚስብ ወፍራም ክር አለው። ሌሊት ደህና ያድራል። ከሰዓት በኋላ ግን ያንጠባጥባል፤ ፈሳሹ እየጎደለ ሲሄድ ደግሞ ይብስበታል። ክዳኑን አጠበቅኩት፣ ጎማውን ቀየርኩት፣ አልቆመም። የፕላስቲክ ማቀፊያውም በሦስተኛው ሳምንት ተሰነጠቀ። ሽታው በሳምንቱ ይደክማል። ይህን ሁሉ ትቼ ባዶ የፍሊት ቆርቆሮ እየሞላሁ ብጠቀም አይሻልም? ለነፍሳቱስ ለሰብል የሚሸጠውን መድኃኒት በውሃ በጥብጬ ብጨምርበት?"

ከመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች እጀምራለሁ። ባዶ የፍሊት ቆርቆሮ አይሙሉ። የሰብል መድኃኒትም ሰው በሚኖርበት ክፍል በሚሠራ ዕቃ ውስጥ አይጨምሩ። ሁለቱም "ተጠንቅቆ ከሠሩት ይቻላል" የሚባሉ አይደሉም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። የቀሩት ችግሮች መፍትሔ አላቸው፤ አንዳንዱም ከሚያስቡት በላይ ቀላል ነው።

ማንጠባጠቡ የክዳን ጉዳይ አይደለም። ማጥበቁ ያልረዳዎት ለዚህ ነው። በተገለበጠ ጠርሙስ ውስጥ ፈሳሹን አንጠልጥሎ የሚይዘው ከላይ የታሰረው አየር ነው። ፈሳሹ ትንሽ ሲወርድ አየሩ ይሳሳል፣ ግፊቱም ከውጭው ያንሳል። ያ ልዩነት ነው ፈሳሹን የሚያቆመው። ክፍሉ ሲሞቅ ግን የታሰረው አየር ይነፋል። ከላይ መውጫ የለውም። ስለዚህ ፈሳሹን ወደ ታች ይገፋዋል።

በቁጥር እንየው። ጠርሙሱ ውስጥ 400 ሚሊ ሊትር አየር አለ እንበል። ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ አየሩ በ27 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሰፋል። ያን ያህል ፈሳሽ ወለሉ ላይ ይወርዳል፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ጠርሙሱ ሙሉ ሆኖ አየሩ 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚወጣው ከ4 ሚሊ ሊትር በታች ነበር። እየጎደለ ሲሄድ የሚብስበት በዚህ ምክንያት ነው። ፈሳሹ በቀላሉ የሚተን ከሆነ የራሱ እንፋሎት ተጨምሮበት ከዚህም ይብሳል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ አየሩ ይሰበሰብና ከታች አዲስ አየር ይስባል። በማግሥቱ ያንኑ ይዞ እንደገና ይገፋል። ማመን ካቃተዎት አንድ ነገር ይሞክሩ። ግማሽ የጎደለውን ጠርሙስ ጠዋት ሲቀዘቅዝ፣ አየር ባለበት በላይኛው በኩል በሁለት እጅዎ እቅፍ አድርገው ይያዙት። በእጅዎ ሙቀት ብቻ ጠብታው ሲመጣ ያዩታል።

መፍትሔው ጠርሙሱን ማቆም ነው። ፈሳሹ ከታች ይሁን፤ ክሩ እንደ ኩራዝ ፈትል ወደ ላይ ይሳበው። ከፈሳሹ በላይ፣ ክዳኑ አጠገብ፣ አንድ በጣም ጠባብ የአየር ቀዳዳ ይኑር። ያን ጊዜ አየሩ ሲሞቅ በቀዳዳው ይወጣል፤ ፈሳሽ ሲቀንስም ምትኩ አየር በዚያው ይገባል። ቀዳዳው ከሌለ ውስጡ እየተሳበ ክሩ መሥራት ያቆማል። ረጅምና ቀጭን ጠርሙስ አይምረጡ። ዝቅ ያለና ሰፊ ይሁን። ክር ፈሳሽን ወደ ላይ የሚስብበት አቅም ውስን ነው፤ ዘይትነት ያለው ፈሳሽ ደግሞ ከውሃ ያነሰ ከፍታ ነው የሚወጣው። ጠርሙሱ ረጅም ከሆነ ሲሞላ በደንብ ይሰጣል፣ ሲጎድል ይነጥፋል። ሰፊ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው የሚወጣው መጠን ብዙም አይለዋወጥም።

ወደ ስንጥቁ እንሂድ። ማቀፊያውን ከምን እንደሠሩት አልጻፉልኝም። ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ፖሊስታይሪን፣ ኤቢኤስ ወይም ፖሊካርቦኔት ሳይሆን አይቀርም። ሦስቱም ከሽቶ ዘይት ጋር አይስማሙም። የብርቱካን ልጣጭ ሽታ የሚሰጠው ሊሞኒን ፖሊስታይሪንን ጭራሽ ያሟሟዋል። ሌሎቹን ደግሞ በተወጠሩበት ቦታ ይሰነጥቃቸዋል። ለዚህም ነው ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ ከብሎን ቀዳዳና ከሹል ማዕዘን የሚነሳው። ቁራጩን ወደ መስኮት ጠጋ አድርገው ዘንበል እያደረጉ ይመልከቱት። ከቀዳዳው ዙሪያ እንደ ጮራ የሚወጡ፣ ፀጉር የሚያካክሉ የብር መልክ ያላቸው መስመሮች ካሉ ነገሩ ይኸው ነው። ውፍረት መጨመር አይረዳም። ፈሳሽ የሚነካውን ክፍል ሁሉ ወደ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ጠንካራው ፖሊኢትሊን ይቀይሩት። ማዕዘኑን ያዙሩት። ብሎኑንም ጥርሱ እስኪነቃነቅ አያጥብቁት።

ጎማውም ያው ነው። አንድ ጊዜ ኢፒዲኤም ከሚባለው ጎማ የተሠራ ኦሪንግ በሽቶ ዘይት ነክሬ አሳደርኩት። ማታ ቦዩ ውስጥ ልክ ብሎ የገባው ቀለበት ጠዋት አልገባ አለ። አብጦ እንደ ትል ተጠማዟል። ይህ ጎማ ለውሃ በጣም ጥሩ ነው፤ ለዘይትና ለላምባ ዓይነት ፈሳሽ ግን አይሆንም። ናይትራይል የሚባለው ላምባውን ይችላል፣ አንዳንድ የሽቶ ቅመም ግን ያሸንፈዋል። ኤፍኬኤም የሚባለው ውድ ነው፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ የተሻለ ይታገሳል። የትኛውንም ቢመርጡ በራስዎ ፈሳሽ ነክረው፣ ሞቅ ባለ ቦታ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አቆይተው ይለኩት። ሻጩ "ለሁሉም ይሆናል" ቢልዎት አይመኑ።

ሽታው በሳምንቱ መድከሙ ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ሽቶ ቅይጥ ነው፤ ቀላሉ ቅመም ቀድሞ ይበርራል፣ ከባዱ ይቀራል። የቀረው ከባድ ነገር ደግሞ በክሩ ጫፍ እየደረቀ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ሦስተኛው የራስዎ አፍንጫ ነው፤ ይለምዳል። ሰዎች እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት፤ ሽታው የጠፋ ይመስላቸውና መጠኑን ይጨምራሉ። አዲስ እንግዳ ግን ገና ከበር ራሱን ይይዛል። ስለዚህ በአፍንጫ አይለኩ። 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን ያግኙና ጠርሙሱን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይመዝኑ። ክብደቱ እኩል እየቀነሰ ሽታው የደከመ ከመሰለዎት፣ ቅይጡ ወይም አፍንጫዎ ነው። የሚቀንሰው እያነሰ ከሄደ ክሩ ተደፍኗል። አንድ ወር ሙሉ ይመዝኑ። ይህ ሠንጠረዥ ካልተሞላ ንድፉ አላለቀም።

አሁን ወደ ትልቁ ውሳኔ እንምጣ፤ መርጨት ነው ወይስ ማትነን? "መርጫ" ስንል ሁላችንም ጭጋግ እናስባለን። ጭጋግ ግን እንደ ጠብታው መጠን ነው። 10 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሆነች ጠብታ በሰከንድ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ትወርዳለች። ከ2 ሜትር ከፍታ ወለል ለመድረስ ከ10 ደቂቃ በላይ ይፈጅባታል። 100 ማይክሮን የሆነችው ግን በ8 ሰከንድ ገደማ መሬት ላይ ናት። ተራ የጣት መርጫ የሚሠራው አብዛኛው ጠብታ ወደ ትልቁ ያደላል። አየር ላይ ሳይቆይ ወርዶ ግድግዳውን ያቆሽሻል፣ ወለሉን ያንሸራትታል። የጋዝ ቆርቆሮ ደቃቅ ጭጋግ የሚሰጠው ፈሳሽ ሆኖ የታሰረው ጋዝ ከአፍንጫው ሲወጣ በቅጽበት ፈልቶ ጠብታውን ስለሚበታትነው ነው። ቀላል ፓምፕ ያንን አይተካም።

ቆርቆሮውን ለምን አይሙሉት ያልኩትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ዛሬ አብዛኞቹ ቆርቆሮዎች ውስጥ ያለው ገፊ ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ ማብሰያ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ማለት ነው። ድሮ ሲኤፍሲ የሚባል የማይነድ ጋዝ ነበረ። ሞሊና እና ሮውላንድ የተባሉ የኬሚስትሪ ተመራማሪዎች በ1974 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያ ጋዝ የኦዞንን ንጣፍ እንደሚጎዳ አሳዩ። በ1987ም የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመና ጋዙ እየቀረ ሄደ። ቦታውን በብዛት የያዘው የሚነድ ጋዝ ነው። ቡቴን ከአየር ጋር ሲቀላቀል 2 በመቶ እንኳ ሳይሞላ ሊቀጣጠል ይችላል። ቆርቆሮው ስስ ነው፤ ቫልቩም በፋብሪካ አንዴ ተጨፍልቆ እንዲዘጋ የተሠራ ነው። በፋብሪካ እያንዳንዱ የተሞላ ቆርቆሮ ከመውጣቱ በፊት በሙቅ ውሃ ገንዳ ይፈተናል። እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ስንት እንደሞሉ አያውቁም። ከመጠን በላይ የተሞላ ቆርቆሮ በሞቃት ቀን ውስጡ ለፈሳሹ መስፊያ ካጣ ይፈነዳል። ይህን ሰው ቤት ግድግዳ ላይ መስቀል አይገባም።

ስለዚህ ለሽቶው የምመክረው ማትነን ነው። የቆመ ጠርሙስ፣ ክር፣ ከክሩ ጫፍ አጠገብ ትንሽ ፋን። ፋኑ ሲዞር ይወጣል፣ ሲቆም ይቀንሳል። መጠኑን የሚወስነው ፋኑ የሚዞርበት ደቂቃ ነው። ግፊት የለም፣ ጠብታ የለም፣ ወለል አይረጥብም። ፋኑ ካርቦን ብሩሽ የሌለው ይሁን፤ ብሩሽ ያለው ሞተር የእሳት ብልጭታ ይፈነጥቃል። ፈሳሹንም ሲመርጡ ከ60 ዲግሪ በታች እንፋሎቱ የማይቀጣጠል ይምረጡ። አልኮል ላይ የተመሠረተ ሽቶ በተለመደው የክፍል ሙቀት እንኳ የሚቀጣጠል እንፋሎት አለው።

ፀረ ነፍሳቱ ላይ ሦስት የተሳሳተ ግምት ያለ ይመስለኛል። የመጀመሪያው፣ ማንኛውም መድኃኒት ክር ላይ ከወጣ ይተናል የሚለው ነው። አይተንም። ፐርሜትሪንን የመሰሉት ግድግዳ ላይ ተቀብተው የሚቆዩ ናቸው፤ በክፍል ሙቀት አይበሩም ማለት ይቻላል። እንደ ትራንስፍሉትሪን ያሉት ግን በተፈጥሯቸው ይተናሉ። ለማትነኛ የሚሠሩት ምርቶች እነዚህን የሚጠቀሙት ስለዚህ ነው። የሰብል መድኃኒት በውሃ ሲበጠበጥ ደግሞ ውሃው ይሄዳል፣ መርዙና ማሟሟቂያው ክሩ ላይ ደርቆ ይቀራል። ነፍሳቱ አይሞቱም፤ ክሩን የሚነካው ሰው ግን መርዝ ነካ። ከዚህ የሚብሰው አለ፤ የሰብል መድኃኒት የሚፈቀደው ለሜዳ ነው፤ ቤት ውስጥ ሌት ተቀን ለሚተነፍስ ሕፃን ተብሎ አልተመዘነም።

ሁለተኛው፣ ትንሽ በትንሹ ከሆነ አይጎዳም የሚለው ነው። መጠኑን የሚወስነው የክፍሉ አየር መለዋወጥ ጭምር ነው። 40 ሜትር ኩብ ክፍል እናስብ። መሣሪያው በሰዓት 320 ሚሊ ግራም ምርት ያወጣል። የክፍሉ አየር በሰዓት ሁለት ጊዜ ከተቀየረ፣ አየሩ ውስጥ የሚረጋው መጠን በሜትር ኩብ 4 ሚሊ ግራም ነው። መስኮቱ ተዘግቶ አየሩ በሁለት ሰዓት አንዴ ብቻ ከተቀየረ ግን 16 ይደርሳል። መሣሪያው ያው፣ ቁልፉ ያው፣ የሚተነፍሱት አራት እጥፍ። ማታ ሰው በር ዘግቶ ሲተኛ የሚሆነው ይህ ነው። ስለዚህ ንድፍዎ ላይ "ብዙ" የሚል ቁልፍ አያስቀምጡ። ትንሹ ክፍልና የተዘጋው መስኮት ነው መለኪያዎ። ለሽቶም ቢሆን ይህ ይሠራል፤ ሊሞኒን አየር ውስጥ ካለ ኦዞን ጋር ሲገናኝ ፎርማልዲሃይድ የሚባል ጎጂ ጋዝ ይፈጥራል።

ሦስተኛው አንዱን ዕቃ ለሁለት ማድረግ ነው። ይህን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ይተዉት። ሽቶ የለመደ ሰው መርዝ ያለበትን ጠርሙስ ሳያስብ ያስገባዋል፤ ክሩም ያለፈውን ይዞ ይቆያል። "ተለጣፊ ጽሑፍ አደርግበታለሁ" አይበሉኝ። ጽሑፍ ይላጣል፣ ጨለማ ውስጥ አይነበብም። ስህተቱን ቅርጹ ራሱ ይከልክል። የማደንዘዣ መሣሪያዎችን ይመልከቱ። ሴቮፍሉሬን የሚባለው ማደንዘዣ ጠርሙስ አንገቱ ቢጫ ነው፣ አይሶፍሉሬን የሚባለው ደግሞ ሐምራዊ። ከቀለሙ በላይ ግን አንገቱ ላይ ያለው ጥርስ የሚገጥመው ለራሱ መሣሪያ ብቻ ነው። የደከመው ሐኪም እንኳ ሊያሳስተው ቢሞክር አይገባለትም። ሁለቱንም ለመሥራት ከቆረጡ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ይሥሩ፤ የአንዱ ጠርሙስ በሌላው በምንም ዘዴ እንዳይገባ።

"የሚሞላ" የሚለውን ቃልም እንደገና ያስቡበት። ተጠቃሚው ግድግዳው ሥር ቆሞ ከጀሪካን የሚቀዳ ከሆነ፣ መርዙ እጁ ላይ፣ ወለሉ ላይና መቅጃው ላይ ነው። ቀሪውን ደግሞ የውሃ ወይም የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ልጅ አይቶ የሚጠጣው ያንን ነው። የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ የሚመሩበት የፀረ ተባይ አያያዝ መመሪያ መድኃኒትን ወደ ምግብና መጠጥ ዕቃ መገልበጥ እንዲከለከል የሚጠይቀው ለዚሁ ነው። በውሃ የተበጠበጠ ሽቶ ላይም ሌላ ችግር አለ። በቀረው ላይ አዲስ መጨመር ጀርም ያራባል። ለፈሳሽ ሳሙና መያዣዎች "በጎደለው ላይ አትጨምሩ" የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የሚሞላው ግድግዳ ላይ ያለው ዕቃ አይሁን። የሚቀየር ካርትሪጅ፣ ማለትም ተነቅሎ በሌላ የሚተካ የፈሳሽ መያዣ ይሁን፤ ባዶው ተሰብስቦ፣ ታጥቦ፣ በአንድ የታወቀ ቦታ ተሞልቶ የሚመለስ። አፉ ላይ ስፕሪንግ ያለው መዝጊያ ይኑር፤ ከቦታው ሲገባ ብቻ የሚከፈት፣ ሲወጣ ራሱ የሚዘጋ። 100 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። ግማሽ ሊትር መርዝ ግድግዳ ላይ ማንጠልጠል ምንም ጥቅም የለውም። ከሥሩ ደግሞ ካርትሪጁ ውስጥ ያለውን ሙሉ በሙሉ መያዝ የሚችል ትንሽ ገንዳ ያድርጉለት፤ ቢሰበር እዚያው ይቀራል። ሽፋኑ በቁልፍ ይከፈት።

የቀረው ቀላል ነው። የባትሪ ድንጋዩ ከፈሳሹ ተለይቶ፣ ከላይ ወይም ከጎን ይቀመጥ፤ ከሥሩ ከሆነ የመጀመሪያዋ ጠብታ ታበላሸዋለች። ፊሸርና ብሎኑ ካርትሪጁን ብቻ ሳይሆን ሰው ሲቀይር የሚጫነውን ክብደት ጭምር ይቻል። ቦታው ወደ 2 ሜትር ከፍታ ይሁን፤ ከአልጋ፣ ከሕፃን መኝታ፣ ከምግብ ጠረጴዛ፣ ከምድጃና ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው ግድግዳ የራቀ። ፐርሜትሪንና ትራንስፍሉትሪን የሚመደቡበት ፓይሬትሮይድ የሚባለው የመድኃኒት ቡድን ለዓሣ እጅግ መርዝ ነው፤ ፐርሜትሪን ደግሞ ድመትን ይገድላል። የዓሣ ገንዳ ወይም ድመት ባለበት ቤት ፀረ ነፍሳቱ አይሰቀል።

ቁርጥ ያለ ምክሬ ይህ ነው። አሁን ሽቶውን ብቻ ይሥሩ፤ በቆመ ካርትሪጅ፣ በክርና በፋን። የአንድ ወር ሚዛን ሠንጠረዥ ይሙሉ። ፀረ ነፍሳቱን ለኋላ ያቆዩት። ሲመለሱበትም የራስዎን ፈሳሽ አይቀምሙ። ለቤት ውስጥ ማትነኛ ተብሎ የተመዘገበ፣ አጠቃቀሙ ማሸጊያው ላይ በግልጽ የተጻፈ ምርት ይዘው፣ ከአምራቹ ጋር ተነጋግረው፣ ዕቃውን በዚያ ልክ ይንደፉ። የምርቱ ማሸጊያ የማይፈቅደውን ዕቃዎ አይሥራው።

የተሰቀለውን ናሙና ዛሬውኑ ያውርዱት። ጓንት ያድርጉ፣ መስኮት ይክፈቱ። መድኃኒት ጨምረውበት ከነበረ ፈሳሹን ወደ ማጠቢያ ወይም ወደ ፍሳሽ ቦይ አይድፉት። በመጣበት ማሸጊያ ውስጥ መልሰው ይዝጉት፤ ያ ከሌለ የምግብ ወይም የመጠጥ ባልሆነ፣ በሚገባ በሚዘጋ ዕቃ አድርገው፣ አደገኛ መሆኑን በትልቁ ጽፈው፣ ልጅ በማይደርስበት ቆልፈው፣ አደገኛ ቆሻሻ ለሚረከብ አካል ያስረክቡ። ክሩንም አጥበው ለሌላ ሥራ አይጠቀሙበት።